በፀሐይ ታስሮ የሚውል ውሻ፦ ባለቤቱን እንምከር ወይስ እንክሰስ?

ጠያቂ፦ ሙቀት ሲበረታ ውሻቸውን ውጭ አስረው ለሚያውሉ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞርን የውሃ ባልዲና የጥላ ሸራ እናድርስ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ገሚሱ ደግሞ «ልመና ይብቃ፤ ውሻው ይወሰድ፣ ባለቤቱ ይቀጣ» ይላል። እናንተስ?

ጎረቤት፦ እኔ ይቀጣ ከሚሉት ነኝ። ከአጥሬ ማዶ ያለው ውሻ ሰንሰለቱ ግንድ ላይ ተጠምጥሞበት፣ ውሃው እፊቱ እያለ መድረስ አቅቶት ሲያለከልክ አይቻለሁ። ባለቤቱን ሁለቴ ለመንኩት። «ውሻ አይደል እንዴ?» አለኝ።

ውሻ አሳዳጊ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን እኔም አስሬ የማውል ነበርኩ። ጠዋት ወጥቼ ማታ ስለምገባ፣ ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ ቀትር ላይ ፀሐይ እንደሚመታው አላየሁም። የቆርቆሮ ጎጆ ስለሠራሁለት በቂ መስሎኝ ነበር። አንዲት ሴት በሬን አንኳኩታ፣ ሳትዘልፈኝ «እስቲ እጅዎን ወደ ውስጥ ይስደዱ» አለችኝ። ምድጃ ነው! በማግሥቱ አብረን ዳስ ጣልንለት። ከሳሽ መጥቶ ቢሆን ውሻውን ጓሮ እደብቀው ነበር።

የእንስሳት ሐኪም፦ ሁለታችሁም ሰዓቱን ረስታችኋል። ውሻ እንደኛ ገላው አያልበውም፤ ላብ የሚወጣው ከመዳፉ ነው፣ እሱም ጥቂት። የሚበርደው በማለክለክ ነው፤ አየሩ እርጥበት ካለው ያም አያድነውም። ጤነኛ ውሻ ሙቀቱ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ግድም ነው። ከ41 ካለፈ አንጎሉና ኩላሊቱ ይጎዳሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። አፍንጫው ደፍጣጣ የሆነ፣ ያረጀና የወፈረ ቀድሞ ይወድቃል። ለሃጩ እየተዝረበረበ የሚንገዳገድ ውሻ ካያችሁ የምክር ጊዜ አልፏል፤ ለሚመለከተው አካል ደውሉ። እስኪደርሱ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ገላውን በቀዝቃዛ ውሃ አርሱት፣ አራግቡለት።

ጎረቤት፦ ታዲያ ዶክተር፣ እኔ ያልኩትን አይደል ያሉት?

የእንስሳት ሐኪም፦ ለወደቀው፣ አዎ። ገና ላልወደቀው ግን ባለቤቱን ማስተማር ይሻላል። ውሻው ተወስዶበት ሌላ ቡችላ በዚያው ሰንሰለት ቢያስርስ?

ጎረቤት፦ እሺ፣ ለሦስተኛ ጊዜ እሄዳለሁ፤ የማይደፋ ከባድ ባልዲ ይዤ። በማግሥቱ ባዶውን ካገኘሁት ግን እደውላለሁ።

ውሻ አሳዳጊ፦ ስትሄጂ ጥሪኝ። ሸራውን እኔ አመጣለሁ፤ እኔም እንደሱ እንደነበርኩ ልንገረው።