እንቁላሉ ሳይገኝ የመጀመሪያው ተሳቢ እንስሳ በምን ታወቀ?

መምህር_ደሴ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ስለ ባለ አከርካሪ እንስሳት ስናወራ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ተሳቢ እንስሳትን ከእንቁራሪት ወገን የለያቸው ደረቅ መሬት ላይ የሚጣለው እንቁላል ነው ብለውናል። የመጀመሪያዎቹ ተሳቢዎች እንቁላል ግን አልተገኘም ይባላል። ታዲያ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተ እንስሳ ተሳቢ መሆኑን በምን አወቁ?» አለችኝ። አጣርቼ እነግራችኋለሁ ብዬ ወጣሁ።

መጻሕፍቱ ሃይሎኖመስ የሚባል ካናዳ የተገኘ ትንሽ እንስሳ ይጠቅሳሉ፤ ከዚያ በላይ አይሄዱም። ነገሩን በቅርብ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ። ክፍላችን ውስጥ ፕሮጀክተር የለም። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስዬ የማሳየው ነገር ብትነግሩኝ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

የድንጋይ_ልጅ፦

ሰላም መምህር። ተማሪዎን በጣም አመስግኑልኝ፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የሚከራከሩበትን ነገር ነው የጠየቀችው። እኔ ጂኦሎጂ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፤ አሁን የምኖረው ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ነው። ሃይሎኖመስ የተገኘበት ጆጊንስ የሚባለው ቦታ ከዚህ በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በጋ ሲሆን እሄዳለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ከቦታው ልጀምር። ቦታውን ካላወቁ አጥንቱ እንዴት እንደተረፈ አይገባም። ጆጊንስ በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለ ገደል ነው፤ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የፈንዲ የባሕር ሙላት በዓለም ላይ ከፍተኛው ነው። ውሃው በቀን ሁለቴ መጥቶ ይመለሳል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 16 ሜትር ይደርሳል። በመጣ ቁጥር የገደሉን ግርጌ ይሸረሽራል። ገደሉ ይናዳል፣ አዲስ ድንጋይ ይወጣል። የውሃውን ሰዓት ሳያዩ መውረድ አደጋ ነው፤ ያየሁትን ሁሉ ባየሁት ቦታ ትቼ ነው የምመለሰው፤ ያለ ፈቃድ ቅሪተ አካል መውሰድ በሕግ ክልክል ነው።

ገደሉ ላይ ዛፎች ይታያሉ። ዛፎቹ እንደቆሙ ነው ድንጋይ የሆኑት። ያኔ ይህ አገር በምድር ወገብ አካባቢ ነበር፤ ሞቃት፣ ረግረጋማ ደን። ከ310 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ወንዝ ሲሞላ ጭቃና አሸዋ እያመጣ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ይቀብራቸዋል። ሲጊላሪያ የሚባለው ዛፍ ልጡ ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። ዛፉ ሲሞት ውስጡ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ልጡ ይቀራል። ስለዚህ ከመሬት በታች ባዶ ጉቶ ይፈጠራል።

በ1852 ጂኦሎጂስቶቹ ቻርለስ ላይልና የኖቫ ስኮሺያው (ጆጊንስ ያለበት የካናዳ ግዛት) ተወላጅ ዊልያም ዳውሰን ከእነዚህ ጉቶዎች አንዱን ሲመረምሩ አጥንትና የየብስ ቀንድ አውጣ ቅርፊት አገኙ። ዳውሰን ፍለጋውን ቀጠለ። በ1860 ሃይሎኖመስ ላዬሊ ብሎ ስም ያወጣለት እንስሳም እዚያው ጆጊንስ ከሌላ ጉቶ ውስጥ የወጣ ነው። ከነጭራው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አጥር ላይ ፀሐይ የሚሞቅ እንሽላሊት ያህል ማለት ነው።

እንስሳቱ ጉቶው ውስጥ እንዴት ገቡ የሚለው አሁንም ያከራክራል። ዳውሰን ወድቀው መውጣት አቅቷቸው ነው የሞቱት ብሎ ነበር። በኋላ ግን አንዳንዶቹ ጉቶዎች ሥር ከሰል ተገኘ፤ ስለዚህ ደን የሚያቃጥል እሳት ነበር፣ እሱን ሸሽተው ገብተው ይሆናል ማለት ነው። ጉቶው መጠለያቸው፣ ጎሬያቸው ነበር የሚሉም አሉ። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። እየወደቁ ብቻ ነው ከተባለ አንድ ጉቶ ውስጥ ያን ያህል ብዙ እንስሳ መገኘቱ ይከብደኛል።

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ። እንቁላሉ አልተገኘም፤ እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ልጣቸው ለስላሳ ሳይሆን አይቀርም፤ ለስላሳ ነገር ደግሞ ድንጋይ ሳይሆን ይበሰብሳል። ስለዚህ ፍርዱ የሚሰጠው በአጥንት ነው። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ጉቶዎቹ ውስጥ ሃይሎኖመስ ብቻውን አልነበረም። ዴንደርፔቶን የሚባል የአምፊቢያን (እንቁራሪት ያለችበት) ወገን እንስሳም ነበረ። ሁለቱ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ደን የኖሩ ስለሆኑ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል።

ከራስ ቅሉ እንጀምር። ዴንደርፔቶን ከራስ ቅሉ ኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ ወደ ውስጥ የገባ ጉድጓድ መሳይ ቅርጽ አለው። ሃይሎኖመስ የለውም፤ የራስ ቅሉ የግራና የቀኝ አጥንቶች ግጥም ብለዋል። ጥርሱንም ይዩ። የዴንደርፔቶን ጥርስ ሲቆረጥ ጠንካራው ሽፋን ወደ ውስጥ እየታጠፈ ገብቶ ይታያል። የሃይሎኖመስ ጥርስ ቀላል ሾጣጣ ነው፣ ነፍሳትና ሺ እግር ለመስበር የሚበቃ። በዚያ ዘመን የነበሩ ተሳቢዎች ላንቃቸው ላይ ወደ ታች የወረደ የአጥንት ክንፍ ነበራቸው፤ መንጋጋ የሚዘጋ ጡንቻ ከእሱ ይነሳል። አፉን ከዘጋ በኋላም መጫን ይችላል፤ የያዘውን ነፍሳት ይጨፈልቃል።

ቀጥሎ ቁርጭምጭሚት። በተሳቢዎችና በእኛ ወገን ቀድሞ ለየብቻ የነበሩ ትንንሽ አጥንቶች ተገጣጥመው አንድ ትልቅ አጥንት ሆነዋል። እርስዎም እኔም ያቺ አጥንት አለችን፤ እግራችን ስትታጠፍ የምትንቀሳቀሰው እሷ ናት። አምፊቢያኖች ይህ የላቸውም።

የጎን አጥንትም አለ። እንቁራሪት የምትተነፍሰው አየሩን በጉሮሮዋ እየገፋች ነው፤ የተቃጠለውን አየር በአብዛኛው በቆዳዋ ታስወጣለች። ቆዳዋ ሁሌም እርጥብ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ደረቱን በጎን አጥንቱ እያሰፋ የሚተነፍስ እንስሳ ግን ቆዳው ቢደርቅም አይጎዳም። ከውሃ መራቅ ይችላል። እንቁላል በደረቅ መሬት መጣል የመጣው ከዚህ ለውጥ ጋር ተያይዞ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔን ያሳምነኛል።

ስለዚህ ለተማሪዋ መልሱ እንዲህ ነው፦ ዛሬ እንዲህ ያለ እንቁላል ያላቸው እንስሳት ሁሉ በአጥንታቸው የሚጋሩት ምልክት አለ። ምልክቱ ጥንታዊው አጽም ላይ ከተገኘ እንቁላሉም ነበረ ተብሎ ይገመታል። ግምት ነው፤ ግን መነሻ ያለው ግምት። በጣም ጥንታዊ ከሚባሉት ፅንሶች መካከል ያሉት ወደ 280 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጉ የሜሶሳውር (ውሃ ውስጥ ይኖር የነበረ ጥንታዊ ተሳቢ) ፅንሶች ናቸው። ኡራጓይና ብራዚል ነው የተገኙት፤ እነሱም ከሃይሎኖመስ በ30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያንሳሉ።

ጎንደሬው፦

የድንጋይ ልጅ እናመሰግናለን። ግን ከሃይሎኖመስ የሚቀድም ተገኘ ሲባል ሰምቻለሁ፤ አንዱ ስኮትላንድ፣ አንዱ አውስትራሊያ። ታዲያ የቱን እንመን?

የድንጋይ_ልጅ፦

ሁለቱን ለያይተህ እያቸው፤ የተለያየ ነገር ነው።

የስኮትላንዱ ዌስትሎቲያና ይባላል፤ ኢስት ኪርክተን ከሚባል የድንጋይ ካባ ነው የወጣው። ያገኘው ስታን ዉድ የሚባል ቅሪተ አካል እየፈለገ የሚሸጥ ሰው ነው። በ1990 የዓለም ጥንታዊው ተሳቢ ተብሎ ተወራለት፣ «ሊዚ» የሚል የፍቅር ስምም ወጣለት። ዕድሜው ከ330 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። በኋላ አጽሙ በዝርዝር ሲጠና ብዙዎች ከተሳቢዎች ውጪ አደረጉት። ተሳቢ ይመስላል፣ ቅርባቸውም ሊሆን ይችላል፤ ግን እነዚያ ምልክቶች አልተሟሉለትም። ቅድም የጠቀስኳቸው ትንንሽ አጥንቶች እንዲህ ናቸው፤ ማዕረግ ይሰጣሉ፣ ይነሳሉም።

የአውስትራሊያው አጥንት አይደለም፣ ዱካ ነው። በ2025 ነው የታተመው። ከቪክቶሪያ ግዛት የተገኘ አንድ የድንጋይ ጠፍጣፋ ላይ ጥፍር ያለው እንስሳ ረግጦ ሄዷል። ዕድሜው ወደ 355 ሚሊዮን ዓመት ነው ተብሏል። ጥፍር በተለምዶ የተሳቢዎች፣ የወፎችና የአጥቢዎች ምልክት ነው። እውነት ከሆነ የተሳቢዎች መነሻ በ35 ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያ ማለት ደግሞ ዓሣ መሳይ እንስሳት እግር ካወጡ ብዙ ሳይቆዩ ነው ማለት ነው። ካናዳ ሰሜን ዋልታ አጠገብ በ2004 የተገኘው ቲክታሊክ፣ ክንፉ ውስጥ የክርንና የእጅ አንጓ መሳይ አጥንት ያለው ዓሣ፣ 375 ሚሊዮን ዓመት ነው።

እኔ እዚህ ላይ አልቸኩልም። አጽም የለም። ደግሞ አምፊቢያንም ጥፍር መሳይ ነገር ሊኖረው ይችላል። የእኛ ደጋ ውስጥ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ዜኖፐስ የሚባሉ እንቁራሪቶች አሉ፤ የኋላ እግራቸው ሦስት ጣቶች ጫፍ ላይ ጥቁር ጥፍር መሳይ ነገር አላቸው። ይህን ስል ዱካው የእንቁራሪት ነው እያልኩ አይደለም፤ የአውስትራሊያው እንስሳ የፊትም የኋላም እግሩ ላይ ነው ጥፍሩ የሚታየው፤ ይህ ከባድ ማስረጃ ነው። ግን ቁርጭምጭሚቱንና የራስ ቅሉን እስካይ ድረስ ሃይሎኖመስን ከቦታው አላነሳም።

መምህር_ደሴ፦

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ እኔ እስካሁን ሰሌዳ ላይ የምስለው መሰላል ነበር፤ ዓሣ፣ አምፊቢያን፣ ተሳቢ፣ አጥቢ። ልክ ነው? ሁለተኛ፣ ልጆቹ «እኛ አገርስ?» ማለታቸው አይቀርም።

የድንጋይ_ልጅ፦

መሰላሉን ይተዉት መምህር። ባለ ሁለት ቅርንጫፍ ይሳሉ። እኛ አጥቢዎች ከተሳቢ አልወጣንም። ሁለቱ ወገኖች ገና ሲጀመር ነው የተለያዩት። ማስረጃውም እዚሁ ኖቫ ስኮሺያ አለ፤ ኬፕ ብሪተን ደሴት ላይ ፍሎረንስ በሚባል ቦታ፣ አሁንም ጉቶ ውስጥ፣ አርኪዮታይሪስ የሚባል እንስሳ ተገኝቷል። 306 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከዓይኑ ኋላ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ቀዳዳ አለው፤ ይህ የእኛ ወገን ምልክት ነው። ሃይሎኖመስ ቀዳዳ የለውም። በሌላው ወገን፣ ካንሳስ የተገኘው ፔትሮላኮሳውረስ ሁለት ሁለት ቀዳዳ አለው፤ እንሽላሊት፣ አዞ፣ ዳይኖሰርና ወፍ ያሉት እዚያ በኩል ነው። ጀርባው ላይ ሸራ የመሰለ ነገር ያለው ዲሜትሮዶን ብዙ ጊዜ ከዳይኖሰር ጋር ይሳላል። ዘመድነቱ ግን ለእኛ ይቀርባል።

ልጆቹን ይህን ያሠሩአቸው። ጣታቸውን ከዓይናቸው ጠርዝ ትንሽ ወደ ጆሮ አድርገው ጥርሳቸውን ይንከሱ። የሚነሳው የመንጋጋ ጡንቻ ነው። የዚያ ጡንቻ ቦታ ከአርኪዮታይሪስ ቀዳዳ ጋር በዘር የተያያዘ ነው። ፕሮጀክተር አያስፈልግም።

ስለ አገራችን። ሃይሎኖመስ ካናዳ ሞቃት ደን ውስጥ ነፍሳት ሲያድን፣ እኛ ያለንበት መሬት ጎንድዋና የሚባለው የጥንት ታላቅ አህጉር አካል ሆኖ በስተደቡብ ርቆ ነበር። ትግራይ ውስጥ እዳጋ ዓርቢ አካባቢ በዚያ ዘመን መጨረሻ ገደማ የበረዶ ግግር ጎትቶ የተወው ጭቃና ድንጋይ አለ። ተማሪ ሆነን ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ከላይ ጥቁሩን ድንጋይ፣ ከዚያ ኖራ ድንጋዩን፣ ታች ደግሞ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይን አይተናል፤ ይህ ሁሉ ከሃይሎኖመስ በኋላ የመጣ ነው። የሰሜን ምዕራቡ አምባ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ውስጥ ግን 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ፣ አዞና ሳንባ ያለው ዓሣ ተገኝተዋል። ሰው ስለ ሉሲ ብቻ ሲያወራ ይህ ይረሳል፤ ያናድደኛል። አገሪቱ ውስጥ በደንብ ያልተፈተሸ ድንጋይ ብዙ ነው።

መምህር_ደሴ፦

ሁለት ቅርንጫፉን ዛሬውኑ ደብተሬ ላይ ሞከርኩት። ኤሊን የት ላስቀምጣት? የራስ ቅሏ ቀዳዳ የለውም።

የድንጋይ_ልጅ፦

ከአዞና ከወፍ ቅርንጫፍ አጠገብ ያድርጓት። የራስ ቅሏን ብቻ ያዩ ሰዎች ለብዙ ዘመን ከጥንታዊዎቹ ጋር ደርበዋት ነበር። የዘረመል ጥናት ግን ወደ አዞና ወፍ አቀረባት። በ2015 ደግሞ ጀርመን የተገኘ ፓፖኬሊስ የሚባል፣ 240 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የኤሊ ዘመድ ከዓይኑ ኋላ ቀዳዳ እንዳለው ታየ። ቀዳዳው ነበረ፣ በኋላ ተዘጋ። በጠመኔ ሲስሉት ቀዳዳዎቹን በነጠብጣብ መስመር ያድርጓቸውና ልጆቹ ራሳቸው ምን እንደሆኑ ይጠይቁ።