ማታ ማታ ቆሻሻ ስለሚገለብጠው ራኩን

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር፣ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት የሆነ እንስሳ ማታ ማታ የቆሻሻ በርሜሉን እየከፈተ ግቢውን ያተረማምሰዋል። ልጆቹ «ራኩን ነው፣ እናብላው» ይሉኛል። ስሙ ምን ማለት እንደሆነም ይጠይቁኛል። የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አደራሽን እንዳያበሉት! ሲያዩት ያሳሳል፣ ግን የዱር አውሬ ነው። በዚህ በምሥራቅ አሜሪካ የእብድ ውሻ በሽታ በብዛት ከሚገኝባቸው የዱር እንስሳት አንዱ ነው። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ አይታለፍም። የበሽታው ምልክት አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሰገራውም አደገኛ የትል እንቁላል ሊኖረው ስለሚችል ልጆቹ እንዳይነኩት።

ስሙን የሰጡት የፓውሃታን ሕዝቦች ናቸው። የቨርጂኒያ ባለ አገሮች ናቸው፤ ዘሮቻቸው ዛሬም እዚያው አሉ። እንግሊዞች በ1607 እ.ኤ.አ. ጄምስታውን ሲሰፍሩ እንዲህ ያለ እንስሳ አገራቸው አልነበረም። ከሰፋሪዎቹ አንዱ የነበረው ካፒቴን ጆን ስሚዝ ስሙን ከነሱ ሰምቶ ጆሮው እንደያዘለት ጻፈው። ትርጉሙ በእጁ የሚያሽ፣ የሚፍቅ፣ የሚቧጥጥ እንደማለት ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ማፓቼ» ይሉታል። እሱም ከሜክሲኮ ነባር ቋንቋ ከናዋትል የመጣ ሲሆን ሁሉን በእጁ የሚይዝ ማለት ነው።

ልጆቹ መዳፉን በመስኮት ይዩት። አምስት ቀጫጭን ጣቶች አሉት። ዓይኑ ሌላ ቦታ እያየ እጁ ብቻውን ይፈልጋል። ምግቡን ውሃ ውስጥ የሚያሸው ለንጽሕና አይደለም፤ መዳፉ ሲርስ የመዳሰስ ስሜቱ ይጨምራል። ለዚህ ነው ተራ ክዳን የማያቆመው። በርሜሉን በጠንካራ ላስቲክ ገመድ እሰሪው፤ የምግብ ትራፊ ያለበትን ቆሻሻ ደግሞ ማታ ሳይሆን ጠዋት ብታወጪው ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ካሰል ነኝ፣ ጀርመን። እዚህም ሞልቷል! በ1934 እ.ኤ.አ. ኤደርዜ ሐይቅ አጠገብ ጥቂት ለቀቁ፣ እነሱ ተዋልደው አካባቢውን ሞሉት። ጀርመኖች «አጣቢ ድብ» ይሉታል። ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለ የዛፍ ቅርንጫፍ ካላችሁ ቁረጡት፤ በእሱ ወጥቶ ኮርኒስ ውስጥ ይወልዳል።