ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ማስታወሻ በስልክ ጽፎ ላፕቶፕ ላይ ለማግኘት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቡሬ ዙሪያ የግብርና ባለሙያ ነኝ። የማሳ ማስታወሻ በአንድሮይድ ስልክ እይዛለሁ፤ የቢሮው ላፕቶፕ ዊንዶውስ ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በተራ ጽሑፍ ፋይል የሚያስቀምጥ መተግበሪያ የቱ ነው?

መልስ 1፦ ማርኮርን ይጫኑ። እያንዳንዱን ማስታወሻ ራሱን የቻለ ፋይል አድርጎ ስለሚያስቀምጥ መተግበሪያው ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉ ይቀራል። ለማመሳሰል (ስልኩና ላፕቶፑ ላይ ያሉት ፋይሎች አንድ ዓይነት እንዲሆኑ) ላፕቶፑ ላይ ሲንክቲንግ የተባለውን ፕሮግራም፣ ስልኩ ላይ ሲንክቲንግ-ፎርክን ይጫኑ፤ ዋናው የሲንክቲንግ የአንድሮይድ ሥሪት በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተቋርጧል። በሲንክቲንግ የማርኮርን ማህደር ያጋሩና ፕሮግራሙ ለአንዱ መሣሪያ የሰጠውን መለያ በሌላው ላይ ያስገቡ። ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ ከዋሉ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ብዙ ሰው የሚቸገረው ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ሲንክቲንግን ሲዘጋበት ነው። ከስልኩ ቅንብር የመተግበሪያውን የባትሪ ገደብ ያንሱለት። አንድ ማስታወሻ ሳይመሳሰል በሁለቱም ላይ ከታረመ ደግሞ ስሙ ውስጥ «ሲንክ-ኮንፍሊክት» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ሁለተኛ ፋይል ይመጣል። ሳያስተያዩ አይሰርዙት፤ የጎደለው መስመር እዚያ ሊሆን ይችላል። ስልክ ላይ የተሰረዘ ላፕቶፕም ላይ ስለሚሰረዝ በየሳምንቱ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።

መልስ 3፦ ማስታወሻውን ላፕቶፕ ላይ ሲያርሙ ለአማርኛ ከሁሉ የሚያስቸግረው ኖትፓድ፣ ማለትም የዊንዶውስ ተራ ጽሑፍ መጻፊያ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. በፊት በነበሩት የዊንዶውስ 10 ሥሪቶች ነባሪው ኤኤንኤስአይ (የአማርኛ ፊደል የማይዝ የቆየ የጽሑፍ አቀማመጥ) ስለሆነ፣ ማስጠንቀቂያውን አልፈው ካስቀመጡ ፊደሉ ሁሉ «????» ይሆናል፤ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላም አይመለስም። ሲያስቀምጡ ከታች የአማርኛ ፊደል የሚይዘውን ዩቲኤፍ-8ን ይምረጡ። መጠኑ አያሳስብዎ፤ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ የሺህ ፊደል ማስታወሻ 3 ኪሎባይት ገደማ ነው።