ባልደረባዬን ኮረንቲ ያዘው፤ «ደህና ነኝ» ይላል፤ ዝም ልበል?

የብረት ሥራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብረታ ብረት ቤት ነው የምሠራው። ትናንት ማታ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ በግራይንደር ብረት ሲቆርጥ ኮረንቲ ያዘው። የግራይንደሩ እጀታ ተሰንጥቆ በናስትሮ የተጠቀለለ ነው። ወለሉም እርጥብ ነበር። እጁ አልላቀቅ አለው። መጮህ እንኳ አልቻለም፤ ፊቱን ሳይ ነው የገባኝ። ሮጬ ሶኬቱን ስነቅለው ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። መዳፉ ላይ ትንሽ ነጣ ያለች ቁስል አለች፤ ጠረጴዛውን የተደገፈበት ክርኑም ላይ ሌላ። ፎርማኑ «ተርፏል እኮ! ውኃ ጠጣና አረፍ በል» አለው። ልጁም ደህና ነኝ ይላል። ዛሬ ግን ክንዱን እየከበደው ነው። ሐኪም ቤት ይሂድ ወይስ ነገር እያካበድኩ ነው? ደግሞስ ብሬከሩ ለምን አልወደቀም?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
ወንድሜ፣ ምንም አላካበድክም። አሁኑኑ ይዘኸው ሂድ። ብቻውን አትላከው።

የኮረንቲ ቁስል ከላይ ሲያዩት ያታልላል። ቆዳ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ነጥብ ትታይና ከሥሯ ጡንቻው ተቃጥሎ ይገኛል። እንዳልከው ከሆነ በመዳፉ ገብቶ በክርኑ ወጥቷል፤ በመካከል ያለው ሥጋ ሁሉ መንገዱ ነበር ማለት ነው። የክንዱ መክበድ ያሰጋኛል። ክንዱ እያበጠና እየጠጠረ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ጣቶቹን ስትዘረጋለት ክፉኛ ካመመው፣ እብጠቱ የደም ሥሩን እየዘጋ ሊሆን ይችላል። ያኔ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ክንዱን ሊያጣ ይችላል።

ሽንቱንም ጠይቀው። እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ የሞተው ጡንቻ ወደ ደም ገብቶ ኩላሊቱን እየጎዳ ነው። ልቡም በኢሲጂ (የልብን ምት በሚመዘግብ መሣሪያ) መታየት አለበት፤ የልብ ምት መዛባት ሁልጊዜ ሰውየው አይታወቀውም። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ «እጁን ቆረጠው» ብላችሁ እንዳትገቡ። ኮረንቲ እንደያዘው፣ እጁ አልላቀቅ እንዳለው፣ ወለሉ እርጥብ እንደነበር ተናገሩ። ምርመራውን የሚወስነው ይህ ነው።

አሮጌው ኤሌክትሪሻን፦
ነርሷ ያለችውን አድርግ። እኔ የብሬከሩን ጥያቄ ልመልስ፤ ብዙ ሠራተኛ በዚህ ጉዳይ ተሳስቶ ሕይወቱን አደራ ሰጥቷል።

ብሬከር የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይሞት አይደለም። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ከ16 አምፔር በላይ ካላለፈበት አይወድቅም። የሰው እጅ ግን ከ10 ሚሊአምፔር (ሚሊአምፔር የአምፔር አንድ ሺሕኛ ነው) አካባቢ ጀምሮ ይጨብጥና አልለቅም ይላል። ከ50 እስከ 100 ሚሊአምፔር ሲደርስ ልብን ሊያቆም ይችላል። እርጥብ ሰው ወደ 1,000 ኦም ገደማ ብቻ ነው የሚከላከለው። 220 ቮልትን ለ1,000 ስታካፍለው 0.22 አምፔር፣ ማለትም 220 ሚሊአምፔር ይመጣል። ለብሬከሩ ይህ አንድ አምፖል እንደ ማብራት ነው፤ ሰው እየሞተ መሆኑን አያውቅም።

ሰውን የሚጠብቀው 30 ሚሊአምፔሩ አርሲዲ ነው። የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንቲ ያነጻጽራል። ልዩነት ካየ በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ይቆርጣል። ባለቤቱን እሱን አስገዙት። ላዩ ላይ ያለችውንም የመፈተሻ ቁልፍ በየጊዜው ተጫኑ። ግን ፌዝና ኒውትራልን (ኮረንቲ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሽቦ) አንድ ላይ የጨበጠን ሰው አርሲዲም አያድነውም።

የግራይንደሩ ገላ ላይ አንድ ካሬ በሌላ ካሬ ውስጥ ተስሎ ካየህ ኧርዝ (ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የለውም ማለት ነው። የሚከላከልልህ ያ ፕላስቲክ ብቻ ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ምን ቀረህ? ናስትሮ መፍትሔ አይደለም። ገመዱን ጠቅልላችሁ «አይነካም» የሚል ጽሑፍ እሰሩበትና ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። እንዲያው ጠረጴዛ ላይ ከተተወ ነገ አንዱ ያነሳዋል።

ጀማሪ በያጅ፦
ይቅርታ፣ በመሀል ልግባ። ሶኬቱ ሩቅ ቢሆንስ? ሰውየው ትንፋሽ ባይኖረውስ?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
መጀመሪያ ኮረንቲው ይቆረጥ። ዋናውን ማጥፊያ ማግኘት ካልቻላችሁ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ገፍታችሁ አላቁት። በእጃችሁ አትንኩት፤ አንተም ትያዛለህ። ይህ ለቤትና ለዎርክሾፕ ኮረንቲ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሆነ እንጨትም አይሠራም፤ ቢያንስ 10 ሜትር ርቃችሁ መስመሩ እስኪቋረጥ ጠብቁ።

ከተላቀቀ በኋላ የማይነቃና በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ አንዱ አምቡላንስ ይጥራ። ሌላው የደረቱን መሀል በሁለት እጅ ይጫን፤ ወደ ታች 5 ሴንቲሜትር ያህል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ስልጠና ያለው ሰው ከ30 ጭነት በኋላ 2 ትንፋሽ ይስጥ፤ የሌለው ሳያቋርጥ ይጫን። ኮረንቲ ያቆመው ልብ ቶሎ ከተደረሰለት የመመለስ ዕድል አለው። «አልቋል» ብላችሁ አትተዉት። ቃጠሎውን በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ 20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቅባትም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም።

የብረት ሥራ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወስጄው አሁን ተኝቷል። ሽንቱ ጠቁሮ ስለተገኘ ግሉኮስ ተሰቅሎለታል። ክንዱን በየሰዓቱ ያዩታል። ፎርማኑ ደግሞ «የአደጋ ሪፖርት ጻፍ» ብሎኛል። ምን ምን ልበል?

አሮጌው ኤሌክትሪሻን፦
ያየኸውን ብቻ ጻፍ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወለሉ እርጥብ መሆኑን፣ እጀታው አስቀድሞ መሰንጠቁን። መሰንጠቁን ለማን ተናግራችሁ እንደነበርም ጨምር። «በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት» የሚል ቃል አስገባ ቢሉህ አታስገባ፤ የሕክምና ወጪና የካሳ ጉዳይ ሲነሳ እዚያ ቃል ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ግራይንደሩን ሳይጠገን ፎቶ አንሳው። አንዱን ቅጂ ለልጁ ቤተሰብ ስጥ።