የመሸበት እንግዳና የመልስ ትኬቱ

የብሪክስተን ልጅ፦ ትናንት እዚሁ አንዱ «ኤንኤችኤስ (የእንግሊዝ መንግሥት ጤና አገልግሎት) እንግዳን በነፃ ያክም የሚል ሰው ታክስ ከፍሎ አያውቅም» ብሎ ጻፈ። ላይኩ ዘነበለት። ላይክ ካደረጉት ግማሹን አውቃቸዋለሁ። እናቶቻቸው እዚህ መጥተው ሲታመሙ ለእኔ ነው የደወሉት። አስራ ስምንት ዓመት ታክስ ከፍያለሁ። እናቴ ለልጄ ክርስትና መጥታ ደረጃ ላይ ወደቀች፣ ዳሌዋ ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት ፎርም ይዛ አልጋዋ ድረስ መጣች። እናቴ ሐኪም መስላት በሁለት እጇ ጨብጣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አለቻት። ለካ ሴትዮዋ ከእንግዶች ክፍያ ቢሮ ናት። ይኸው አራተኛ ዓመቴ፣ በወር 100 ፓውንድ እገፋለሁ። እኛ አገር እኮ ለመሸበት እንግዳ በር ይከፈታል።

ሒሳብ አይዋሽም፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ግን ወንድሜ፣ የመሸበት እንግዳ የመልስ ትኬት አይዝም። እናትህ ቪዛ አስመትታ፣ ትኬት ቆርጣ ነው የመጣችው። ኢንሹራንስ ለምን አልገዛህላትም?

የብሪክስተን ልጅ፦ «የመልስ ትኬት አይዝም»! ፎክረህ ሞተሃል።

ሲስተር ዋርድ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ነው የምታወሩት። ለንደን ውስጥ ዋርድ ላይ ነው የምሠራው፣ ላስረዳችሁ። ድንገተኛ ክፍል ለማንም ነፃ ነው። ጂፒ፣ የሰፈር ሐኪም ማለት ነው፣ ማየትም ነፃ ነው። አልጋ ከያዝክ በኋላ ግን እንደ ታክሲ ቆጣሪው ይጀምራል፣ ያውም የዋጋውን 150 በመቶ። አስቸኳይ ካልሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2017 ወዲህ መጀመሪያ ከፍለህ ነው የምትታከመው። ወሊድ ክፍያው ባይቀርም እምቢ አይባልም። ጥገኝነት የጠየቀ አይከፍልም። ቲቢና ኤችአይቪም ለሁሉም ነፃ ናቸው።

የብሪክስተን ልጅ፦ ቲቢ ለምን ነፃ ሆነ? ሳሉ ለእነሱም ስለሚተርፍ። የእናቴ ዳሌ አይተላለፍማ!

ከጎፋ፦ 150 በመቶ? እንግዳ ሲመጣ ወጡ ላይ ውሃ ይጨመራል እንጂ ሒሳቡ ላይ ግማሽ ይጨመራል እንዴ?

ሒሳብ አይዋሽም፦ ወጡን ማን ሠራው ነው ጥያቄው። ደሞዜን ሳላየው ነው ታክሱ የሚሄደው። የራሴ የጉልበት ቀጠሮ አስራ አንድ ወር ሞልቶታል። ወረፋው ላይ የመልስ ትኬት የያዘ ሰው ከፊቴ ይግባ?

ፍራንክፈርት፦ እኛ ጋ ይህ ክርክር የለም። ለሼንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ካልያዝክ ወረቀትህን አይቀበሉህም። እንግሊዞች ይህን አይጠይቁም፣ ከዚያ አልጋ ላይ ፎርም ይዘው ይመጣሉ። ቀድሞ ቢጠይቁ አይሻልም?

ሽበት፦ ልጆች፣ እኔ በደርግ ጊዜ ነው የመጣሁት። ኤንኤችኤስ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲቋቋም እንግዳ አይከፍልም ነበር፣ በ1982 ነው ደንቡ የወጣው። ያቋቋመው የጤና ሚኒስትሩ ቤቫን ይሄንኑ ጥያቄ ሲያነሱበት የመለሰው መልስ አለ። እንግዳውን ለመለየት አገሬው ሁሉ መታወቂያ ይዞ ሊዞር ነው፣ መጨረሻው ለሁሉም ጣጣ ነው አለ። እንዳለውም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 የዊንድረሽ ጉዳይ፣ ከካሪቢያን የመጡ ነባር ነዋሪዎች ወረቀት የላችሁም የተባሉበት፣ ሲወጣ አላያችሁም? በልጅነቱ ከጃማይካ መጥቶ አርባ ምናምን ዓመት እዚህ የኖረ ሰው ለካንሰር ሕክምና 54,000 ፓውንድ አምጣ ተባለ። ወረቀት ስለሌለው እንግዳ ሆነ። ነገ በስማችሁ ብቻ እናንተን ነው የሚጠይቋችሁ።

ሒሳብ አይዋሽም፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን በ1948 የአውሮፕላን ትኬት ስንት ነበር? ያኔ ለጉብኝት የሚመጣው ሎርድ ነው።

ሽበት፦ አሁንም ስለ ትኬት ነው የምታወራው? የትኬት ቢሮ ነው እንዴ የምትሠራው?

ሲስተር ዋርድ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ ግን የማየውን ልናገር። የኤምአርአይ ሲዲ ከአዲስ አበባ በቦርሳ ይዘው ከሂትሮው በቀጥታ የሚመጡ አሉ። «ድንገት አመማት» ይሉኛል። ሲዲው ላይ እኮ ቀን ተጽፏል። እኔ ደግሞ አበሻ ስለሆንኩ ነው የሚጠሩኝ፣ አስተርጉሚ ተብዬ። ምን ብዬ ላስተርጉም?

የብሪክስተን ልጅ፦ ሲስተር፣ ነርስ ነሽ ወይስ ሆም ኦፊስ?

ሲስተር ዋርድ፦ ለእናትህ ሌሊት መጸዳጃ ያቀረበችላት እንደኔ ያለች ናት። አፍህን ሰብሰብ አድርግ። ሆም ኦፊስን፣ ቪዛ ሰጪውን መሥሪያ ቤት፣ ካነሳህ ደግሞ፣ 500 ፓውንድና ከዚያ በላይ ዕዳ ሁለት ወር ካለፈው የሚነግራቸው ሆስፒታሉ ነው። ቀጣዩ ቪዛ በዚያ ሊከለከል ይችላል። ለዚህ ነው «ቶሎ ተነጋገሩ፣ በየወሩ ክፈሉ» እያልኩ የምለምነው። የሚሰማኝ የለም።

የብሪክስተን ልጅ፦ ይቅርታ። ያለፍኩበት ነገር ስለሆነ ነው።

ባለ 776፦ እኔ ተማሪ ነኝ። ቪዛ ሳወጣ ለጤና ሰርቻርጅ፣ ለኤንኤችኤስ መጠቀሚያ፣ በዓመት 776 ፓውንድ ከፍያለሁ። የሠራተኛው 1,035 ነው። ሐኪም ቤት በሩን አላየሁትም። እስቲ የእኔን ትርፍ ለእናቱ ያድርጉለት!

ሒሳብ አይዋሽም፦ የከፈለና ያልከፈለ እኩል ይሁን ነው የምትለው? በራስህ ላይ ነው የምትከራከረው።

ባለ 776፦ ቀልድ አታውቅም እንዴ?

ከጎፋ፦ እኔም ሒሳብ ልጠይቅ፣ አይዋሽም ካልክ። እነዚያ ሆስፒታሎች ውስጥ ጥቁር አንበሳ የተማሩ ሐኪሞች አሉ። ያስተማራቸው የእኛ ግብር ነው። ሰፈሬ ጤና ጣቢያ ስሄድ ሐኪሙ «ሄዷል» ይሉኛል። የት? እናንተ ጋ። ኢንቮይሱን ለማን እንላክ? 150 በመቶ አድርገን።

ሒሳብ አይዋሽም፦ ኮስት ሼሪንግ ከፍለው ነው የወጡት።

ከጎፋ፦ ኮስት ሼሪንግ! የበሉትን ሽሮና የተኙበትን አልጋ፣ ከትምህርቱም ትንሽ ነው የሚሸፍነው። ስድስት ሰባት ዓመት ሬሳ ላይ የተማሩበትን ማን ከፈለ?

ሲስተር ዋርድ፦ የሄዱበትን ምክንያትም አንሳ እንጂ። ደሞዛቸው ስንት ነበር?

ከጎፋ፦ እሱን ካነሳሽ ለቅሶ ነው የሚሆነው፣ ተዪው።

ሒሳብ አይዋሽም፦ ከርዕሱ ወጣን። ጥያቄዬን እስካሁን የመለሰ የለም። ሊጎበኝ የመጣ ሰው ለመታመም ያልተዘጋጀው ለምንድነው? ትኬቱን እኮ...

ሽበት፦ ይኸው ትኬቱ መጣ።

የብሪክስተን ልጅ፦ ትኬቱን ልንገርህ፣ አምስት ጊዜ አነሳኸው። ተቃጠለ። ስድስት ሳምንት እግሯን ዘርግታ ሳሎኔ ውስጥ ከረመች። ከዚያ በዊልቸር የምትሄድበትን ሌላ ቆረጥኩላት። ቦሌ ስትደርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ለዚያች ደግ ልጅ ስጦታ ልኬ ነበር፣ ደረሳት?» ብላ ነው። ፎርም ለያዘችው።

ሲስተር ዋርድ፦ ምን ነበር ስጦታው?

የብሪክስተን ልጅ፦ ነጠላ። ሰጠኋት። አለቀሰች። ሒሳቡ ግን አልቀነሰም።

ባለ 776፦ የኔም እናት ልትመጣ ነው፣ ስኳር አለባት። ቀልዱ ቀርቶ፣ የሚቀበላት ኢንሹራንስ የሚያውቅ አለ?

ሒሳብ አይዋሽም፦ ባለፈው ዓመት ለእናቴ የገዛሁት አለ፣ ኢንቦክስ አድርገኝ። ስኳሩን ግን አይሸፍንም።