ለትንንሽ ልጆች ኮዲንግ የሚያስተምር አስጠኚ ለምትፈልጉ ወላጆች፦ ንጽጽርና ጥቆማ

ከ5 እስከ 11 ዓመት ለሆናቸው ልጆች የኮዲንግ አስጠኚ የሚፈልጉ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት አስጠኚው የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ እንደሚያስተምር ነው። ይህ መጠየቅ ያለበት ቢሆንም ቀዳሚ ሊሆን አይገባም። ቀዳሚው ጥያቄ፣ ልጁ የሠራው ፕሮግራም እንዳሰበው አልሄድ ሲለው አስጠኚው ምን ያደርጋል የሚለው ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ ከትምህርቱ የሚገኘው ዋና ጥቅም የትእዛዛትን ዝርዝር ማወቅ ሳይሆን፣ የተበላሸውን ነገር ደረጃ በደረጃ መርምሮ የማግኘት ልማድ ነው። ከዚህ በታች ማስተማሪያዎቹንም ሆነ አስጠኚዎቹን የማነጻጽረው በዚሁ መለኪያ ነው።

ማንበብ ገና ላልለመዱ፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ያለማመንታት የምጠቁመው ስክራች ጁኒየርን ነው። በ2014 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ይህ መተግበሪያ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲና የኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ተባብረው የሠሩት ሲሆን በታብሌት ላይ በነጻ ይሠራል። ትእዛዛቱ ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ያለባቸው ብሎኮች ናቸው። ልጁ ብሎኮቹን በጣቱ እየጎተተ ከግራ ወደ ቀኝ ይገጣጥማቸዋል፤ በስክሪኑ ላይ ያለችው ድመትም ብሎኮቹ በተደረደሩበት ቅደም ተከተል ትራመዳለች፣ ትዘላለች፣ ልጁ ራሱ የቀዳውን ድምፅ ታሰማለች። ድመቷ በምትንቀሳቀስበት መድረክ ላይ ፍርግርግ ማውጣት ስለሚቻል፣ ድመቷ ዛፉ ጋ ለመድረስ ስንት እርምጃ እንደሚያስፈልጋት ልጁ አስቀድሞ ቆጥሮ መገመትና ግምቱን ወዲያው መፈተን ይችላል። አንድ ሥራ ከ4 ገጽ በላይ እንዲኖረው አይፈቀድም፤ ይህንን ገደብ እኔ እንደ ጥቅም እቆጥረዋለሁ፤ ልጁ መነሻና መድረሻ ያለው አጭር ታሪክ ሠርቶ እንዲጨርስ ያግዘዋልና።

ለዚህ ዕድሜ የሚቀጠር አስጠኚ ከታብሌቱ በተጨማሪ ያለ ኮምፒውተር የሚሠሩ መልመጃዎችን ቢያውቅ ትልቅ ብልጫ ነው። በኒውዚላንድ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጁት «ሲኤስ አንፕለግድ» የተባሉት ጨዋታዎች በነጻ ይገኛሉ። ከመካከላቸው አንዱ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ነጥቦች ባሉባቸው 5 ካርዶች የሚሠራ ነው፤ ልጆቹ ካርዶቹን እየገለጡና እየደፉ ከ0 እስከ 31 ያለውን ማንኛውንም ቁጥር ይመሠርታሉ፤ በዚያውም ኮምፒውተር ቁጥርን በሁለት ምልክቶች ብቻ እንዴት እንደሚይዝ በእጃቸው ይረዱታል። አስጠኚው እንዲህ ያለ መልመጃ ማዘጋጀቱ ስለ ልጆች አስቀድሞ ማሰቡን ያሳያል።

ማንበብ ለሚችሉና 8 ዓመት አካባቢ ለደረሱ ልጆች ምርጫዬ ስክራች ነው። በኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ተሠርቶ በ2007 ለሕዝብ የቀረበ፣ 3ኛው ትውልዱ ደግሞ በ2019 መጀመሪያ የወጣ፣ ልጆች ጽሑፍ ያለባቸውን ብሎኮች እየገጣጠሙ ጨዋታና ታሪክ የሚሠሩበት ነጻ ፕሮግራም ነው። በድረ ገጽ ላይ ይሠራል፤ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ደግሞ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛን መምረጥ ስለሚቻል፣ እንግሊዝኛ ያልጠነከረ ልጅ በሁለት ችግር በአንድ ጊዜ እንዳይያዝ አስጠኚው በዚህ እንዲጠቀም ጠይቁት። የስክራች መድረክ ወደ ጎን ከ-240 እስከ 240፣ ወደ ላይና ወደ ታች ደግሞ ከ-180 እስከ 180 በሆኑ ቁጥሮች የተለካ ነው። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን በትምህርት ቤት ገና ያልተማረ ልጅ እዚህ ላይ መደናገሩ አይቀርም፤ ጥሩ አስጠኚ ይህን አስቀድሞ አውቆ ልጁ ገጸ ባሕርይውን በእጁ እያንቀሳቀሰ ቁጥሩ ሲለዋወጥ እንዲመለከት ያደርጋል፤ ሌላው ግን «−100 ብለህ ጻፍ» ብሎ ያልፋል።

ኮድ ዶት ኦርግ በ2013 የተመሠረተ፣ ትምህርቱንም በነጻ የሚሰጥ ድርጅት ነው። ትምህርቶቹ በአብዛኛው በደረጃ የተደረደሩ እንቆቅልሾች ሲሆኑ እያንዳንዱ እንቆቅልሽ ሊደረስበት የሚገባ የታወቀ ግብ አለው፤ ልጁ ሲሳሳትም ፕሮግራሙ ራሱ ፍንጭ ይሰጠዋል። በዚህ ምክንያት አስጠኚ ላልተገኘበት ቤት ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኮዲንግ የማያውቅ ወላጅም ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ አብሮ ሊማርበት ይችላል። በአንጻሩ፣ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል እነዚህን እንቆቅልሾች በማስጨረስ የሚያሳልፍ አስጠኚ ገንዘብ ሊከፈለው አይገባም። አስጠኚ የሚያስፈልገው መልሱ አስቀድሞ ላልተዘጋጀ ሥራ፣ ማለትም ልጁ ራሱ ላሰበው ጨዋታ ወይም ታሪክ ነው።

ብዙ ማስታወቂያዎች ለ7 ዓመት ልጅ ፓይተን እናስተምራለን ይላሉ። ፓይተን ከ1991 ጀምሮ ያለ፣ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ግሩም ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን በኪቦርድ የሚጻፍ በመሆኑ አንዲት ነጥብ ስትጎድል ወይም የመስመር አጀማመር ሲዛባ ፕሮግራሙ አልሠራም ይላል፤ የስህተት መልእክቱም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ፊደላቱን ከኪቦርዱ ላይ እየፈለገ የሚጽፍ ልጅ ጉልበቱን የሚጨርሰው በማሰብ ሳይሆን በመተየብ ነው። ስለዚህ ድግግሞሽን (ትእዛዝን ደጋግሞ ማሠራት)፣ ሁኔታን («ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» የሚል ትእዛዝ) እና ተለዋዋጭን (እንደ ጨዋታ ነጥብ ያለ የሚለዋወጥ ቁጥር መያዣ) በስክራች ላይ በራሱ መጠቀም የቻለ፣ መተየብም የማያስቸግረው ልጅ 10 ወይም 11 ዓመት ሲሆነው መሸጋገሩ የተሻለ ነው። የዚያን ጊዜ አስጠኚው በፓይተን ውስጥ ባለው ተርትል (ኤሊ) በተባለው የመሳያ መሣሪያ ቢጀምር እመርጣለሁ። መስመር እየሳለች የምትሄደው «ኤሊ» መነሻዋ በ1967 ሲይሞር ፓፐርት፣ ዋሊ ፎየርዛይግና ሲንቲያ ሶሎሞን ለልጆች ብለው የፈጠሩት ሎጎ የተባለው ቋንቋ ነው፤ ዛሬም ቢሆን የተጻፈ ትእዛዝ ምን እንዳደረገ ለልጅ በዓይን የምታሳይ በመሆኗ ከቁጥር ስሌት መልመጃዎች ትሻላለች።

የሚነካና የሚጨበጥ ነገር የሚወዱ ልጆች ማይክሮቢት ይስማማቸዋል። 25 ትንንሽ መብራቶች፣ 2 ቁልፎችና እንቅስቃሴን የሚለይ መሣሪያ ያላት፣ ልጁ የሠራው ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። ሜክኮድ በተባለው ነጻ ድረ ገጽ ላይ የሰሌዳዋ አምሳያ ስላለ ልጁ መሣሪያዋ ሳትኖረውም ፕሮግራሙን ጽፎ ይሞክራል። ከመጀመሪያው ቀን ውድ የሮቦት ዕቃ እንድትገዙ የሚጠይቅ አስጠኚ ካጋጠማችሁ፣ በዚህ አምሳያ መጀመር የማይቻልበትን ምክንያት ያስረዳችሁ።

ወደ አስጠኚዎቹ ስንመጣ፣ በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው፤ በሙያው የሚሠሩ የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች እና ስክራችን በራሳቸው የተማሩ የአንደኛ ደረጃ መምህራን። ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መምህሯን ወይም መምህሩን አስቀድማለሁ። በዚህ ደረጃ የሚያስፈልገው የኮምፒውተር እውቀት ጥቂት ሲሆን፣ የልጅን ትኩረት መያዝ፣ ድካሙን ከፊቱ ማንበብና ጥያቄን በልጅ ቋንቋ ማቅረብ ግን ዓመታት የሚወስድ ሙያ ነው። ወደ ፓይተን ለተሻገረ ልጅ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ልጁ ከተዘጋጀው ትምህርት ወጣ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ስለሚጀምር በቂ እውቀት ያለው ሰው ያስፈልገዋል። የተማሪዎቹ ጥንካሬ ትዕግሥታቸውና ለልጆች በዕድሜ መቅረባቸው ነው፤ ሆኖም በፈተና ወቅት ስለሚያቋርጡ የጊዜ ሰሌዳቸውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የምስክር ወረቀት ብዛት ግን ከሦስቱም ዘንድ ብዙ አይነግራችሁም።

ብዙ የሚነግራችሁ የሙከራ ክፍለ ጊዜ ነው፤ እባካችሁ ያለ እሱ ከማንም ጋር አትስማሙ። ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ፤ በተለይም ማውሱ በማን እጅ እንዳለ አስተውሉ። በስክራች ጀማሪዎች ሁሉ የሚገጥማቸውን አንድ ስህተት ላንሳ። ልጁ ድመቷ ግድግዳውን ስትነካ ወደ መነሻዋ እንድትመለስ የሚያዝዝ «ከነካ» የሚል ብሎክ ያስገባል፤ ፕሮግራሙን የሚያስጀምረውን አረንጓዴ ባንዲራ ይጫናል፤ ድመቷ ግን ግድግዳውን አልፋ ትሄዳለች። ምክንያቱ፣ ብሎኩ ያለማቋረጥ በሚደጋገመው ብሎክ ውስጥ ስላልተቀመጠ ጥያቄው የተጠየቀው ባንዲራው በተጫነበት ቅጽበት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ደካማው አስጠኚ ማውሱን ከልጁ ተቀብሎ ብሎኩን ወደ ቦታው ይጎትትና ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ልጁም ጨዋታው በመሥራቱ ይደሰታል፣ ወላጅም አብሮ ይደሰታል። ጥሩው አስጠኚ እጁን ሰብስቦ «ኮምፒውተሩ ድመቷ ግድግዳውን መንካቷን የሚመለከተው መቼ ነው? አንዴ ነው ወይስ ሁልጊዜ?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይላል። ያ ዝምታ ሊረዝም ይችላል፤ ልጁም ሊቁነጠነጥ ይችላል፤ እናንተ ግን ለመርዳት አትቸኩሉ፤ የምትከፍሉት በእርግጥም ለዚያ ዝምታ ነውና። ልጁ ከተጨነቀ ደግሞ አስጠኚው ጥያቄውን ሲያቀልለት እንጂ መልሱን ሲሰጠው ማየት የለባችሁም።

ከሙከራው በኋላ አስጠኚውን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ከዚህ በፊት ያስተማራቸው ልጆች የሠሩትን ሥራ፣ ስማቸውን ሳይገልጽ፣ እንዲያሳያችሁ። የሁሉም ልጆች ጨዋታ አንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይና አንድ ዓይነት ነጥብ አቆጣጠር ካለው፣ ልጆቹ እየገለበጡ እንደነበር ትረዳላችሁ። ልዩ ልዩ፣ ምናልባትም ያልተስተካከሉ ሥራዎችን ካያችሁ ግን ያ ሰው የልጆችን ሐሳብ ያከብራል ማለት ነው። በሦስት ወር ውስጥ ልጃችሁ መተግበሪያ ሠርቶ ይሸጣል የሚል ተስፋ የሚሰጣችሁን ደግሞ በአክብሮት ሸኙት።

በአካል ይሁን በኢንተርኔት ለሚለው፣ ከ8 ዓመት በታች ላሉት በአካል እንዲሆን እመክራለሁ፤ በስክሪን በኩል የልጅን እጅና ፊት በአንድ ጊዜ መከታተል ለአስጠኚው አስቸጋሪ ነው። ከዚያ በላይ ላሉት በኢንተርኔት የሚሰጠው በደንብ ይሠራል፤ ዋናው ነገር ስክሪኑን የሚያጋራው ልጁ መሆኑ ነው። በደረጃቸው የሚቀራረቡ ሁለት ልጆች አንድ ኮምፒውተር ይዘው እየተፈራረቁ ቢማሩ ደግሞ ከብቸኛ ትምህርት የማያንስ ውጤት ይገኛል፤ አንዱ ሲያስረዳ ሌላው ሲጠይቅ አስጠኚው ያላየው ስህተት ይታያል፤ ወጪውም ይካፈላል።

ስለ ደኅንነት የምለው አጭር ቢሆንም ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ትምህርቱ ሰው በሚያይበት ክፍል ይሰጥ፤ አስጠኚው ከልጁ ጋር የሚጻጻፈው በወላጅ ስልክ ብቻ ይሁን። የስክራች ድረ ገጽ ልጆች ሥራቸውን የሚለጥፉበትና አስተያየት የሚለዋወጡበት ቦታ ጭምር ስለሆነ፣ ሲመዘገብ እውነተኛ ስሙን እንዳይጠቀም አድርጉ፤ የይለፍ ቃሉም በእናንተ ዘንድ ይቀመጥ። የልጁን ፎቶ ለማስታወቂያ መጠቀም ያለ ፈቃዳችሁ እንደማይቻል ከመጀመሪያው ተናገሩ።

ክፍያን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያው ወር በክፍለ ጊዜ መክፈል የረዥም ጊዜ ውል ከመፈረም ይሻላል። ለትንንሾቹ ግማሽ ሰዓት፣ ለትልልቆቹ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚረዝም ክፍለ ጊዜ ልጁን ያደክማል እንጂ እውቀቱን አያሳድግም። ወሩ ሲያልቅ ልጁ አስጠኚው በሌለበት አንዱን ሥራውን ከፍቶ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ ከዚያም ድመቷ በፍጥነት እንድትሮጥ ወይም ነጥቡ በሁለት እንዲጨምር እንዲለውጠው ጠይቁት። የቱ ብሎክ ምን እንደሚያደርግ እያስረዳ የሚለውጥ ከሆነ፣ ቢዘገይም እንኳ በያዛችሁት ቀጥሉ። መለወጥ ካልቻለ ለአስጠኚው ያያችሁትን ንገሩት፤ ጥሩ አስጠኚ ወደ ኋላ ተመልሶ በሌላ መንገድ ያስተምራል፤ አዲስ ትምህርት ወይም ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ በመጨመር ሊያሳምናችሁ ከሞከረ ግን ሌላ አስጠኚ ፈልጉ።