ሞት እንደማይቀር እያወቁ ትርጉም መፈለግ፦ የሥራው ገጽ ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የሞት ፍርሃትን ስለማጥፋት አይደለም። ለፍርሃቱ የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ የኤፒኩረስ ሙግት ብዙ ይረዳል፦ እኛ ባለንበት ሞት የለም፣ ሞት በመጣበት እኛ የለንም። ይህ ግን የሚመልሰው «ሞት ራሱ ክፉ ነው ወይ?» የሚለውን እንጂ «ታዲያ መድከሜ ለምን?» የሚለውን አይደለም።

የያዝኩት መንገድ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዊልያም ብሬትባርት ካንሰር ለጠናባቸው ሕሙማን ካዘጋጀው፣ ትርጉም ላይ ካተኮረ የሥነ ልቦና ሕክምና የተወሰደ ነው። በቡድን ሲሰጥ በሳምንት አንዴ፣ 8 ጊዜ ነው። የትርጉም ምንጮቹ 4 ናቸው፦ የወረስነውና የምንተወው፣ የምንሠራውና ኃላፊነት የምንወስድበት፣ በፍቅርና በውበት የምናጣጥመው፣ ልንለውጠው ለማንችለው ነገር የምንይዘው አቋም። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ እሰጥና ከራሴ ሕይወት ምሳሌ እጽፍበታለሁ። «ቤተሰብ» ብሎ መጻፍ አይሠራም፤ «ማታ ለልጅ ተረት ማንበብ» ግን ይሠራል፣ ነገም ሊደገም ስለሚችል።

ሦስቱ ገጾች ይሞላሉ። የሥራው ገጽ ላይ ግን «ከ200 ዓመት በኋላ ማን ያስታውሰዋል?» የሚለው ይመጣና ሁሉንም ይሰርዘዋል። መልሱን አውቀዋለሁ፦ የጊዜ ርቀት የዛሬውን ሥራ ዋጋ የሚያሳጣው ከሆነ፣ በዚያው ርቀት ያለው መረሳትም ዛሬ ሊያሳስበን አይገባም። አእምሮ ይቀበለዋል፣ ልብ ግን እምቢ ይላል፤ በተለይ ሌሊት።

በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፦ ገጹን ዘልሎ ወደ ሌሎቹ መመለስ ይሻላል ወይስ ጥያቄው እስኪዝል እዚያው መቆየት? የሥራን ዋጋ ዛሬ በሚጠቀምበት ሰው ብቻ መለካትስ ራስን ማታለል ይሆን? እባካችሁ ምክንያቱንም ጨምራችሁ ንገሩኝ።